ሁሉም ይጠሩ ወይስ የተመረጡት ብቻ?

ልጅ የሚያሳድግ ሰው ሁሉ ሳይወድ በግድ ዳኛ ነው። ሁለት ልጆች በሩጫ ቢሽቀዳደሙ አንዱ ይቀድማል፤ ሁለተኛውም እያለቀሰ ወደ እናቱ ይሮጣል። በዚያን ጊዜ እናቲቱ «አንተም እኮ ቀድመሃል» ብላ ከማባበልና «ዛሬስ ቀድሞሃል፤ ነገ በርታ» ብላ እውነቱን ከመንገር አንዱን መምረጥ አለባት። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የልጅ ጠባይ የሚታነጸው ይህን በመሰለው ትንሽ ነገር ስለ ሆነ፣ አስተዋይ ወላጅ አቅልሎ አያየውም።

ይህንኑ የቤት ውስጥ ጥያቄ የአሜሪካ ሰዎች ወደ አደባባይ አውጥተው ብዙ ዘመን ተከራክረውበታል፤ ዛሬም ይከራከሩበታል። ክርክራቸውም «በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኳስ የሚጫወቱ ቡድኖች፣ ያሸነፉትም የተሸነፉትም፣ ሁሉም በዓመቱ መጨረሻ ወደሚደረገው የጥሎ ማለፍ ውድድር ይግቡ፣ ወይስ በሥራቸው የተመረጡት ብቻ?» የሚል ነው። በአሜሪካ አገር ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ኢትዮጵያውያን ቤተ ሰቦች ዛሬ ብዙዎች ስለ ሆኑ፣ ጉዳዩ ለእኛም ከሩቅ የሚሰማ ወሬ ብቻ አይደለም። ስለዚህ የሁለቱን ወገን ቃል በተራ ሰምተን፣ በመጨረሻ እኛ የሚመስለንን ለመናገር አስበናል። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢዎቻችን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን።

አስቀድሞ ስለ ጨዋታው ጥቂት መናገር ይገባል። አሜሪካኖች ፉትቦል የሚሉት ጨዋታ እኛ እግር ኳስ ከምንለው የተለየ ነው። ኳሱ እንደ እንቍላል ሞላላ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ በእጅ ይዘውት ይሮጣሉ ወይም ይወረውሩታል። በያንዳንዱ ወገን 11 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፤ ሜዳውም ከግብ መሥመር እስከ ግብ መሥመር 100 ያርድ ርዝመት አለው። ኳሱን የያዘው ወገን በ4 ሙከራ 10 ያርድ ወደ ፊት መግፋት አለበት፤ ይህን ያህል መግፋት ካቃተው ኳሱ ለባላጋራው ይሆናል። ኳሱን ይዞ የባላጋራውን መሥመር የተሻገረ 6 ነጥብ ያገኛል። የሚከላከለው ወገን ባለ ኳሱን የሚያግደው በአካሉ ገፍቶና ጥሎ ስለ ሆነ፣ ተጫዋቾቹ የራስ ቍርና የትከሻ መከላከያ ለብሰው ይገባሉ። ይህን ጨዋታ በያመቱ በየትምህርት ቤቱ የሚጫወቱት ወጣቶች ከአንድ ሚሊዮን ይበልጣሉ። ዓርብ ማታ በአንዲት ትንሽ ከተማ ጨዋታ ያለ እንደ ሆነ፣ ባለ ሱቁም ገበሬውም ካህኑም ከነቤተ ሰባቸው ወደ ሜዳው ይወጣሉ።

እንዲህ ያለው ጨዋታ አካልን እጅግ ስለሚያደክም ቡድኖቹ በሳምንት ከአንድ ጊዜ በላይ አይጋጠሙም። ከነሐሴ መጨረሻ ጀምረው እስከ ጥቅምት መጨረሻ ድረስ 9 ወይም 10 ጊዜ ይጫወታሉ። የክርክሩም ሥር የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። በኢንዲያና ግዛት ብቻ የኳስ ቡድን ያላቸው ትምህርት ቤቶች ከ300 ይበልጣሉ፤ አንዱ ቡድን ግን የሚገጥመው ከ9 ጋራ ብቻ ነው። ከቀሩት ጋራ ፊት ለፊት ሳይተያዩ የግዛቲቱ የበላይ ማን እንደ ሆነ እንዴት ይታወቃል? በቀድሞ ዘመን ጋዜጠኞች ድምፅ እየሰጡ «ዘንድሮ የሚበልጠው እገሌ ነው» ይሉ ነበር። በኋላ ግን በወረቀት ከመፍረድ በሜዳ መለየት ይሻላል ተብሎ የጥሎ ማለፍ ውድድር ተመሠረተ፤ የኦሃዮ ግዛት በ1972፣ የኢንዲያና ግዛት ደግሞ በ1973 ጀመሩ። በኦሃዮ በመጀመሪያው ዓመት ከመላው ግዛት ለውድድሩ የተጠሩት 12 ቡድኖች ብቻ ነበሩ። እንግዲህ ያን ጊዜ መጠራት ታላቅ ክብር እንደ ነበረ ማስረዳት አያሻም።

ኢንዲያና ግን ከጊዜ በኋላ ሌላ መንገድ መረጠች። ከ1985 ጀምሮ የውድድሩን በር ለቡድኖች ሁሉ ከፈተች። በ9 ሳምንት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ያላሸነፈ ቡድን፣ ሁሉን እየረታ ከመጣው ቡድን ጋራ አብሮ ወደ ውድድሩ ይገባል። ታላቁ ትምህርት ቤት ትንሹን እንዳይውጠውም በተማሪዎቻቸው ቍጥር ልክ በክፍል ይለያያሉ፤ ክፍሎቹም ከ2013 ወዲህ 6 ሆነዋል። ማን ከማን እንደሚጋጠም ለብዙ ዓመታት ሲወሰን የኖረው በዕጣ ነው፤ ስለዚህ ሁለት ኃይለኞች ገና በመጀመሪያው ሳምንት ተገናኝተው አንዱ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል።

በሩ ለሁሉ ይከፈት የሚሉ ሰዎች የሚያቀርቡት ምክንያት የሚናቅ አይደለም። አንደኛ፣ ኳሱ በትምህርት ቤት እስካለ ድረስ የትምህርት ክፍል ነው ይላሉ። የሒሳብ መምህር የመጨረሻውን ፈተና ለጎበዞቹ ብቻ ሰጥቶ የቀሩትን «እናንተ ወደ ቤታችሁ ሂዱ» አይልም፤ ፈተናውን ሁሉም ይቀመጡታል፣ ውጤታቸው ግን ይለያያል። ሁለተኛ፣ የድል ቍጥር ያሳስታል። ጎረቤቶቹ ብርቱዎች የሆኑበት ትምህርት ቤት 6 ጊዜ ተሸንፎ፣ ጎረቤቶቹ ደካሞች ከሆኑለትና 8 ጊዜ ካሸነፈው ሊበልጥ ይችላል። ሦስተኛ፣ መግቢያው በድል ቍጥር የሚገኝ ከሆነ፣ ቡድኖች ብርቱውን እየሸሹ ደካማውን ባላጋራ ይፈልጋሉ፤ በሩ ለሁሉ የተከፈተ እንደ ሆነ ግን ከብርቱ ጋራ መጋጠምን የሚያስፈራ ነገር የለም። አራተኛ፣ ተስፋ የሌለው ልጅ ልምምድ ይሰለቻል፤ ፊቱ አንድ አዲስ ቀን እንዳለ የሚያውቅ ግን እስከ መጨረሻው ሳምንት ይተጋል።

ከዚህም በላይ የኢንዲያና ሰዎች የሚመኩበት አንድ ታሪክ አላቸው። ታሪኩ የፉትቦል ሳይሆን የቅርጫት ኳስ ነው። በዚያች ግዛት የቅርጫት ኳስ ውድድር የተጀመረው በ1911 ሲሆን፣ እስከ 1997 ድረስ ታላቁም ትንሹም ትምህርት ቤት በአንድ ላይ ለአንድ ዋንጫ ይወዳደሩ ነበር። በ1954 ሚላን ከምትባል ትንሽ ከተማ የመጣ፣ 161 ተማሪዎች ብቻ ያሉት ትምህርት ቤት፣ የመንሲ ከተማን ታላቅ ትምህርት ቤት በመጨረሻው ጨዋታ 32 ለ30 ረታ። ቦቢ ፕላምፕ የተባለው ተማሪ ኳሱን ይዞ ብዙ ከቆየ በኋላ በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ወርውሮ አገባት። በ1986 የወጣው «ሁዠርስ» የተባለው ፊልም የተመሠረተው በዚህ ታሪክ ላይ ነው። «በሩ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ ሚላን ከየት ትመጣ ነበር?» ይላሉ።

ታሪኩ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ለዚህ ክርክር ሲጠቀስ በጥንቃቄ ሊመረመር ይገባዋል። ሚላን ትንሽ ነበረች እንጂ ደካማ አልነበረችም። ከዚያ በፊት በነበረው በ1953 እንኳ ከመጨረሻዎቹ 4 ቡድኖች አንዷ ሆና ነበር። እንግዲህ የሚላን ታሪክ የሚያስተምረን «ትንሹን በትንሽነቱ አትናቁ» የሚለውን ነው እንጂ፣ «ዓመቱን ሙሉ የተረታውን እንደ ረቺ ቍጠሩ» የሚለውን አይደለም። ድህነትና ትንሽነት አንድ ነገር ነው፤ ሽንፈት ሌላ ነው። ሁለቱን ማደባለቅ ለትንሹም ክብር አይሆንም።

አሁን ደግሞ የሁለተኛውን ወገን ቃል እንስማ። በሩ አይከፈት የሚሉት አስቀድመው የሚጠይቁት «9 ሳምንት የተደከመው ለምንድር ነው?» ብለው ነው። የበረታውን የሚያስገባ፣ የሰነፈውን የሚያስቀር ካልሆነ፣ ያ ሁሉ ጨዋታ ልምምድ ብቻ ሆነ ማለት ነው። ቀጥሎም ስለ ወጪው ይናገራሉ። አንድ ጨዋታ በተጨመረ ቍጥር ለአውቶቡሱ፣ ለዳኞቹ፣ ለጠባቂዎቹና ለሐኪሙ የሚከፈል ገንዘብ አለ። በዚያም ላይ የክረምቱ የቅርጫት ኳስና የትግል ጊዜ ስለሚደርስ፣ በትንሽ ትምህርት ቤት ያሉት እነዚያው ልጆችና እነዚያው አሠልጣኞች ወደ ሌላው ሥራ ሳይሻገሩ ይዘገያሉ።

ከሁሉ የከበደው ግን የአካል ነገር ነው። ሁሉም ከገቡና እንደየማዕረጋቸው ከተደለደሉ፣ በመጀመሪያው ሳምንት አንደኛው ከመጨረሻው ጋራ ይጋጠማል። ይህ በሩጫ ቢሆን ኖሮ የሚጎዳ ሰው የለም፤ ደካማው ዘግይቶ ይደርሳል እንጂ። በዚህ ጨዋታ ግን የ14 ዓመት ቀጭን ልጅ ከ18 ዓመት ጎረምሳ ጋራ ትከሻ ለትከሻ ይጋጫል። በብዙ ግዛቶች የነጥቡ ልዩነት 30 ወይም 35 ሲደርስ ሰዓቱ ሳይቆም እንዲሮጥና ጨዋታው ቶሎ እንዲያልቅ የሚያዝዝ ደንብ መኖሩ፣ እንዲህ ያለው ያልተመጣጠነ ግጥሚያ የታወቀ ችግር መሆኑን ያስረዳል። አሜሪካኖች የአንጎል መናወጥን ጕዳት ከተረዱት ወዲህም ነገሩ በሕግ ገብቷል። የዋሽንግተን ግዛት በ2009 ባወጣችው ሕግ፣ ጭንቅላቱ ተናውጧል ተብሎ የሚጠረጠር ወጣት ወዲያው ከሜዳ እንዲወጣና ያለ ሐኪም የጽሑፍ ፈቃድ እንዳይመለስ ታዘዘ፤ እስከ 2014 ድረስም 50ዎቹ ግዛቶች ሁሉ በዚህ ረገድ ሕግ አወጡ። ሕጉ ከጕዳት በኋላ የሚደረገውን ያዝዛል፤ ልጁን ከማይመጥነው ጋራ ማጋጠም ወይም አለማጋጠም ግን የታላላቆቹ የማስተዋል ፋንታ ነው።

በዚህ መካከል የኦሃዮ ግዛት ያየችው ነገር ለሁለቱም ወገን ትምህርት ይሆናል። በ1972 በ12 ቡድኖች የተጀመረው ውድድር እየሰፋ ሄዶ፣ በኋላ በ7 ክፍሎች፣ በያንዳንዱም ክፍል በ4 ምድብ ተከፈለ፤ ከያንዳንዱ ምድብ 8 ቡድኖች ሲጠሩ በጠቅላላው 224 ሆኑ። በ2020 የኮሮና ተላላፊ በሽታ በመጣ ጊዜ የዓመቱ ጨዋታ ወደ 6 ሳምንት አጠረ፤ ስለዚህ መፈለግ የፈለገ ቡድን ሁሉ ወደ ውድድሩ እንዲገባ ተፈቀደ። ይህ የጭንቅ ጊዜ ምሕረት ነበርና የሚነቅፈው የለም። በ2021 ግን የተጠሪዎቹ ቍጥር ወደ ቀድሞው አልተመለሰም፤ ከየምድቡ 16 ቡድን ሆኖ ድምሩ 448 ደረሰ። ይህም ከግዛቲቱ ቡድኖች እኩሌታ ይበልጣል። እንዲህ ሆኖ 4 ዓመት ከተሞከረ በኋላ፣ በ2025 ከየምድቡ የሚጠሩት 12 እንዲሆኑ፣ ከነዚህም ቀዳሚዎቹ 4 በመጀመሪያው ሳምንት እንዲያርፉ ተደረገ። በሩን የከፈቱት ሰዎች ራሳቸው መልሰው ገርበብ ማድረጋቸው ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

እኛ ደግሞ በዚህ ክርክር ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይነሣ አንድ የሒሳብ ነገር እንጨምር። የጥሎ ማለፍ ውድድር ጠባዩ እያንዳንዱን ቡድን አንድ ጊዜ ማሸነፍና ማሰናበት ነው። 32 ቡድኖች ቢገቡ 31 ጨዋታ ይደረጋል፤ በመጀመሪያው ሳምንት 16ቱ ይወጣሉ፤ በመጨረሻም ከ1 በቀር ሁሉም ተሸንፈው ይለያያሉ። እንግዲህ በኢንዲያና ከ300 በላይ ቡድኖች በ6 ክፍል ሲወዳደሩ፣ የዓመቱን የመጨረሻ ጨዋታ አሸንፈው ወደ ቤታቸው የሚገቡት 6 ብቻ ናቸው፤ የቀሩት ሁሉ የሚለያዩት በሽንፈት ነው። በሩ ለሁሉ ባልተከፈተበት አገር ግን 2 ጊዜ ብቻ ያሸነፈ ቡድን እንኳ በመጨረሻው ሳምንት የድሮ ባላጋራው የሆነውን የጎረቤት ትምህርት ቤት ረትቶ፣ በደስታ ዘፍኖ ዓመቱን ሊፈጽም ይችላል። ስለዚህ በርኅራኄ የተሰጠው ስጦታ ሲፈቱት ውስጡ አንድ ተጨማሪ ሽንፈት ሆኖ ይገኛል።

ይሁን እንጂ «አይገቡም» ብሎ ፈርዶ መነሣት ብቻውን ጥሩ ፍርድ አይሆንም። የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሆነውን ልጅ እናስብ። ከነዚህ ወጣቶች መካከል በኮሌጅ ቡድን ገብተው የሚጫወቱት ከ100 ውስጥ 10 እንኳ አይሞሉም። ስለዚህ ለአብዛኞቹ የመጨረሻው ሳምንት ጨዋታ የዓመቱ መጨረሻ ብቻ ሳይሆን የዕድሜያቸው መጨረሻ ነው፤ ያን ልብስ ካወለቁ በኋላ ዳግመኛ አይለብሱትም። አባቱም ከአጥሩ አጠገብ ቆሞ «አንድ ሳምንት ቢጨመርለት ምን ነበረበት?» ቢል፣ የአባት አንጀት ነውና ልንፈርድበት አንችልም።

እኛ እንደሚመስለን ክርክሩ የከረረው ሦስት ልዩ ልዩ ነገሮች በአንድ ስም ስለ ተጠሩ ነው። የመጀመሪያው በቡድኑ ውስጥ የሚገኝ ቦታ ነው፤ ይህ መማርና መታዘዝ ለሚወድ ተማሪ ሁሉ ሊሰጥ ይገባል። ሁለተኛው ጨዋታው ነው፤ ይህም ለሁሉ ይገባል፣ ነገር ግን እያንዳንዱ ከሚመጥነው ጋራ ይሁን። ሦስተኛው ዋንጫው ነው፤ ይህ የሚገባው ለሠራና ለበለጠ ብቻ ነው። አባትየው ለልጁ የሚለምነው ሁለተኛውን ሆኖ ሳለ፣ የሚሰጡት ሦስተኛውን ነው። ኦሃዮ በ2020 ያደረገችው አንድ ብልህ ነገር ይህን ያሳያል፤ ከውድድሩ የወጡ ቡድኖች የተፈቀደላቸው የጨዋታ ቍጥር 10 እስኪሞላ ድረስ ከፈለጉት ጋራ እንዲጫወቱ ፈቅዳ ነበር። እንዲሁ ሁሉ ያልተጠሩት ቡድኖች እኩያቸውን ፈልገው አንድ የስንብት ጨዋታ ቢያደርጉ፣ ልጁ የተመኛትን ሳምንት ያገኛል፤ ዋንጫውም ክብሩን አያጣም፤ የደከመውም ልጅ ከማይችለው ጋራ አይላተምም።

ስለዚህ ፍርዳችን ቡድኖች ሁሉ ወደ ዋንጫው ውድድር መግባት አይገባቸውም የሚል ነው። የኢንዲያናን ሥርዓት ግን ልንነቅፈው አንፈልግም። እዚያ «ሁሉም ይገባል» የተባለው በግልጥ ነውና፣ መግባትን እንደ ሽልማት አድርጎ የሚያታልል የለም። የሚከፋው በመካከል ያለው ነው፤ ይኸውም 2 ጊዜ ብቻ ያሸነፈውን ቡድን እያስገቡ «ተመርጣችኋል» ብሎ ማመስገን ነው። ልጅ ሞኝ አይደለም፤ ያልሠራበት ምስጋና ሲሰጠው ያውቀዋል። ዛሬ በሐሰት ያመሰገነውን ሰው፣ ነገ በእውነት ቢያመሰግነው አያምነውም።

በእኛም አገር በገና ጨዋታ የመንደሩ ጎበዝ ሁሉ ዱላውን ይዞ ይወጣል፤ «አንተ አልተመረጥህም» ብሎ የሚመልሰው የለም። ነገር ግን የተረታው ወገን ተረታ ነው፤ የረታውም እየፎከረ ይገባል። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» መባሉም ሽንፈትን ለመካድ ሳይሆን ሽንፈትን በጨዋ ደንብ ለመቀበል ነው። አባቶቻችን መግቢያውን ለሁሉ ሲያሰፉ፣ ፍርዱን ግን አላደበዘዙም።

ለወላጆች የምናሳስበው አንድ ነገር ይቀረናል። ውድድሩ በየትኛውም ደንብ ቢደረግ የሽንፈቱ ማታ ከቤት መድረሱ አይቀርም። በዚያ ማታ ልጁ በሩን ዘግቶ ቢቀመጥ፣ ዳኛውን መውቀስ፣ አሠልጣኙን ማማት፣ «ይህማ ምን ቁም ነገር አለው» ብሎ ማናናቅ አይገባም። ለእርሱ ቁም ነገር ነበርና። ራቱን አቅርቦ፣ ጕዳት እንዳለበት ጠይቆ፣ ራሱን ያመመውም እንደ ሆነ ሐኪም ሳያየው እንዳያድር አድርጎ፣ ከዚያ በኋላ ዝም ብሎ አብሮት መቀመጥ ይበቃል። በማግስቱ ልቡ ሲረጋ «ተሸንፈሃል፤ ሸሽተህ ግን አላየንህም» ቢሉት፣ ይህ ቃል ማንም ሊነጥቀው የማይችል ሽልማት ይሆንለታል።

ዋንጫ ለጥቂቶች ነው፤ እንዲህ ብሎ የሚነግር አባትና እናት ግን ለልጆች ሁሉ ያስፈልጋሉ።